ቱዶር፣ ስቱዋርት፣ ጆርጂያን፣ ቪክቶሪያን፦ የእንግሊዝ ዘመናት ስማቸውን ከየት አመጡ?

ጥያቄው የመጣው ሎንዶን ከምትኖር እናት ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ቱዶር፣ ስቱዋርት፣ ጆርጂያን፣ ቪክቶሪያን እያሉ ያስጠኗቸዋል። ላስጠናው ብዬ አብሬው ብቀመጥ ጭራሽ እኔው ተደናገርኩ። አንዱ የቤተሰብ ስም ነው፣ አንዱ የንጉሥ ስም። ኤልሳቤጥ ቱዶር ናት ወይስ ኤልሳቤታን? ቪክቶሪያስ የማን ወገን ናት? ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው እየተባለ ቤቱ ስሙን ለምን ይቀያይራል? በቅደም ተከተል ቢያስረዱኝ።»

እህቴ፣ መልሱን ግማሽ በግማሽ አንቺው ይዘሽዋል። «አንዱ የቤተሰብ ስም ነው፣ አንዱ የንጉሥ ስም» ያልሽው ነገር ቁልፉ ነው። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ተማሪ የሚጠፋው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ስሞችን አንድ ሰልፍ ላይ ይደረድራቸዋል። ከዚያ ሰልፉ አልገጥም ይለዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት የሥርወ መንግሥት ስም ነው። ኖርማን፣ ፕላንታጀነት፣ ቱዶር፣ ስቱዋርት የሚሉት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው ከአንድ ንጉሥ ወይም ንግሥት ስም የወጣ ነው። ኤልሳቤታን፣ ጃኮቢያን፣ ጆርጂያን፣ ቪክቶሪያን፣ ኤድዋርዲያን ሲባል ትሰሚያለሽ። ሁለቱ አይጣሉም። ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይገባል። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በቤተሰቧ ቱዶር ናት። እሷ የነገሠችባቸው ዓመታት ደግሞ ኤልሳቤታን ይባላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ «ሁለቱንም» ነው። ልጅሽ አንዱን ብሎ ሌላውን ቢተው አልተሳሳተም።

በግርድፉ እስከ 1714 ድረስ ዘመኑ በቤተሰብ ስም ይጠራል፤ ከዚያ ወዲህ በንጉሡ ስም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከልጅሽ ደብተር ጋር እንዲገጥምልሽ።)

ቤቱ ስሙን ለምን ይቀይራል? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። ዙፋኑ በሴት በኩል ሲተላለፍ ነው። ልጅ በአባቱ ቤት ስለሚጠራ፣ የንጉሥ ሴት ልጅ የወለደችው ልጅ ሲነግሥ አዲስ የቤት ስም ይዞ ይገባል። ደሙ ግን የእናቱ ነው፤ አልተቋረጠም። ይህችን ነገር ይዘሽ አብረን እንሂድ። እያንዳንዱ የስም ለውጥ ጋ ስትደርሺ «እዚህ ጋ ሴቷ ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ አንዷን ታገኛታለሽ።

ከ1066 በፊት ያለው የአንግሎ ሳክሶኖች ዘመን ነው። ከዚያ የሚያዘው ሁለት ስም ነው። ታላቁ አልፍሬድ ከ871 እስከ 899 ቫይኪንጎችን ተከላከለ። የልጅ ልጁ አትልስታን በ927 የእንግሊዞች ሁሉ ንጉሥ ሆነ። በመካከል ዴንማርኮችም ነግሠዋል፤ ክኑት የሚባለውን መምህሩ ያነሱበት ይሆናል።

ከዚያ 1066 መጣ። ይህ ለውጥ በጋብቻ ሳይሆን በጦር የመጣ ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ ኦክቶበር 14 ሄስቲንግስ አጠገብ ንጉሥ ሃሮልድን ገደለ። በዚያው ዓመት በገና ቀን ዌስትሚኒስተር ላይ ዘውድ ጫነ። የዚያን ቀን የሆነውን ለልጅሽ ንገሪው፤ አይረሳውም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ በሁለት ቋንቋ «ይንገሥልን» ብሎ ጮኸ። ውጭ የቆሙት የኖርማን ወታደሮች ቋንቋውን ስለማያውቁ ዓመፅ የተነሣ መሰላቸው። በዙሪያው ያሉትን ቤቶች በእሳት ለቀቁባቸው። ሕዝቡ በጭሱ መሀል እየተጋፋ ወጣ። ካህናቱ ግን ሥርዓቱን አላቋረጡም፤ ዊልያም እየተንቀጠቀጠ ዘውዱን ደፋ። ገዢና ተገዢ በቋንቋ የማይግባቡበት ዘመን እንዲህ ተጀመረ።

ኖርማኖች ብዙ አልቆዩም። የዊልያም ልጅ ሄንሪ 1ኛ አንድ ሕጋዊ ወንድ ልጅ ነበረው። ኖቬምበር 25፣ 1120 ሌሊት ላይ ልጁ ከኖርማንዲ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ተነሣ። መርከቧ ዋይት ሺፕ ትባላለች። ሰዎቹ ጠጥተው ነበር። ገና ከወደቡ ሳይርቁ መርከቧ ከአለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ከ300 ከሚጠጉት ሰዎች የተረፈው አንድ የሩዋን ከተማ ሥጋ ሻጭ ነው ይባላል።

የቀረችው ሴት ልጁ ማቲልዳ ናት። አባቷ መኳንንቱን ሰብስቦ ለእሷ አስማላቸው። በ1135 እሱ ሲሞት መሐላው ተረሳ። የአክስቷ ልጅ ስቲቨን ቀድሟት ዘውዱን ጫነ። 19 ዓመት ሙሉ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። ማቲልዳ በ1141 ዘውድ ልትጭን ሎንዶን ደርሳ ነበር፤ የከተማው ሰው ተነሥቶ አባረራት። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ኦክስፎርድ ግንብ ውስጥ ተከበበች። በረዶ ወርዷል፤ ወንዙ ቴምዝ ግግር ብሏል። ነጭ ልብስ ለብሳ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት በበረዶው ላይ ተራመደች። ጠባቂዎቹ በአጠገባቸው ስታልፍ አላዩዋትም። እኔ ከእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ይህቺን ሌሊት አስበልጣለሁ። ማቲልዳ ንግሥት አልተባለችም። የሚቀጥሉት ነገሥታት በሙሉ ግን የእሷ ዘር ናቸው።

ምክንያቱም በ1154 ስቲቨን ሲሞት የነገሠው የማቲልዳ ልጅ ሄንሪ 2ኛ ነው። አባቱ የአንዡው መስፍን ጄፍሪ ነው። ጄፍሪ ባርኔጣው ላይ አንዲት ቢጫ የዱር አበባ ይሰካ ነበር ይባላል። የአበባዋ የላቲን ስም ፕላንታ ጀኒስታ ነው። ፕላንታጀነት የሚለው የቤት ስም ከዚያ መጣ። የመጀመሪያዋ ሴት ማቲልዳ ናት ማለት ነው።

ፕላንታጀነቶች ከ1154 እስከ 1485፣ 331 ዓመት ገዙ። ከሁሉም ረጅሙ ዘመን ይህ ነው፤ ትምህርት ቤት ግን «መካከለኛው ዘመን» ብለው ጠቅልለው ያልፉታል። ንጉሥ ጆን በ1215 ማግና ካርታ ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ መኳንንቱ ያስገደዱት እዚህ ውስጥ ነው። የፈረንሳይ የመቶ ዓመት ጦርነትም፣ በ1348 እንግሊዝ የደረሰው ታላቁ ወረርሽኝም እዚህ ውስጥ ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥሽ። ደብተሩ ላይ ላንካስተር እና ዮርክ የሚሉ ስሞች ይመጣሉ። አዲስ ቤተሰቦች አይደሉም። ሁለቱም የኤድዋርድ 3ኛ ልጆች ዘር ናቸው፤ የፕላንታጀነት ሁለት ቅርንጫፎች። በ1399 የላንካስተሩ ሄንሪ የአጎቱን ልጅ ሪቻርድ 2ኛን ከዙፋን አወረደ። ከ1455 ጀምሮ ደግሞ የዮርክ ወገን «ተራው የኛ ነው» ብሎ ተነሣ። የጽጌረዳ ጦርነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የቤተሰብ ጠብ ነበር። ከባዕድ ጠብ የከፋ ሆነ።

ጠቡን የዘጋው ኦገስት 22፣ 1485 ቦስዎርዝ ሜዳ ላይ የተደረገው ውጊያ ነው። የመጨረሻው ፕላንታጀነት ሪቻርድ 3ኛ ወደቀ። (አጽሙ በ2012 ሌስተር ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ በ2015 በክብር ተቀበረ። ልጅሽ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይፈጥጣል።) አሸናፊው ሄንሪ ቱዶር ነው። የአባቱ አባት ኦዌን ቱዶር የዌልስ ተወላጅ የቤተ መንግሥት ሰው ነበር፤ የሄንሪ 5ኛን መበለት ነው ያገባው። የዙፋን መብቱን ያገኘው ግን በእናቱ ማርጋሬት ቦፎርት በኩል ነው። እንደገና ሴት።

ሄንሪ 7ኛ ብልጥ ሰው ነው። ንግሥናው የተጀመረው ከውጊያው በፊት ባለው ቀን፣ ኦገስት 21 ነው ብሎ አወጀ። ለምን? በማግስቱ ለሪቻርድ የተዋጉት ሁሉ በአንድ ቀን ልዩነት «ከዳተኛ» ሆኑ፤ ንብረታቸውን መውረስ ይቻላል። ከዚያ የዮርኳን ኤልሳቤጥን አገባና ሁለቱን ቅርንጫፎች አንድ ቤት አስገባቸው።

ቱዶሮች 118 ዓመት ቆዩ። ሄንሪ 7ኛ፣ ሄንሪ 8ኛ፣ ኤድዋርድ 6ኛ፣ ማርያም፣ ኤልሳቤጥ። በ1553 ለ9 ቀን ንግሥት የተባለች ጄን ግሬይ የምትባል ልጅም አለች። ሄንሪ 8ኛ ወንድ ልጅ ፍለጋ ስድስት ሚስት አግብቷል፤ በዚያው ሰበብ ከሮም ፓፓ ጋር ተለያይቷል። ያ ሁሉ የተደረገለት ኤድዋርድ በ15 ዓመቱ ሞተ። አገሪቱን ለ44 ዓመት ያስተዳደረችው የተናቀችው ሴት ልጁ ናት። ኤልሳቤጥ ግን አላገባችም። ስለዚህ ቱዶር የሚለው ስም ከእሷ ጋር ሞተ።

ማርች 24፣ 1603 ንጋት ላይ አረፈች። በነገራችን ላይ ያኔ የእንግሊዞች አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ነበር። በእነሱ ቆጠራ ኤልሳቤጥ የሞተችው የ1602 የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። የሁለት አቆጣጠር ጣጣ እኛ ጋ ብቻ ያለ አይምሰልሽ። ሮበርት ኬሪ የተባለ ባለሟል ወሬውን ይዞ ፈረስ እየቀያየረ ወደ ኤዲንበርግ ጋለበ። 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ፣ መንገድ ላይ ከፈረስ ወድቆ ራሱ እየደማ፣ የስኮትላንዱን ንጉሥ ከመኝታው አስቀሰቀሰው። የእንግሊዝም ንጉሥ ሆነዋል አለው።

ያ ንጉሥ ጄምስ ስቱዋርት ነው። እዚህ ጋ ያለችው ሴት ማርጋሬት ቱዶር ናት፤ የሄንሪ 7ኛ ሴት ልጅ። ከመቶ ዓመት በፊት ለስኮትላንድ ንጉሥ ተድራ ነበር። ጄምስ የእሷ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የአንድ ልጃገረድ ሠርግ ከመቶ ዓመት በኋላ ሁለት ዙፋን አገናኘ።

የጄምስ ዘመን ጃኮቢያን ይባላል። ይህ ስም ሁሉንም ያደናግራል፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው። ጄምስ በላቲን ያኮቡስ ነው፤ ያዕቆብ ማለት ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ያዕቆብ» የሚለውን የሐዲስ ኪዳን ሰው እነሱ «ጄምስ» ይሉታል። ጃኮቢያን ማለት እንግዲህ «የያዕቆብ ዘመን» ነው። የልጁ የቻርልስ ዘመንም ካሮላይን የሚባለው ቻርልስ በላቲን ካሮሉስ ስለሆነ ነው።

የስቱዋርቶች ዘመን መሀል ላይ የተቋረጠ መሆኑን ልጅሽ ይወቅ። ቻርልስ 1ኛ ከፓርላማ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። ጃንዋሪ 30፣ 1649 ሎንዶን ዋይትሆል ላይ በአደባባይ አንገቱ ተቀላ። የዚያን ጠዋት ብርዱ ኃይለኛ ነበር። ሁለት ሸሚዝ እንዲያመጡለት ጠየቀ። ከብርዱ የተነሣ ብንቀጠቀጥ ሕዝቡ ፈርቷል ይለኛል ብሎ ነው። ከዚያ 11 ዓመት እንግሊዝ ያለ ንጉሥ ኖረች፤ ኦሊቨር ክሮምዌል እስከ 1658 መራት። በ1660 የቻርልስ 1ኛ ልጅ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ተመለሰ። ሕጋዊ ሰነዶቹ ላይ የመጀመሪያ ዓመቱን «በነገሥን በ12ኛው ዓመት» ብሎ አስጻፈው። ያለ ንጉሥ የነበሩትን 11 ዓመታት እንዳልነበሩ ቆጠራቸው። እኛም ዜና መዋዕሎቻችን ላይ ዓመትን በንጉሥ መቁጠር እናውቃለን። እንግሊዞች ሕጎቻቸውን እስከ 1962 ድረስ በዚሁ መንገድ ነበር የሚቆጥሩት።

ቀጥሎ ጄምስ 2ኛ መጣ፤ ካቶሊክ ስለነበረ በ1688 አገር ጥሎ ሸሸ። ሴት ልጁ ሜሪና ባሏ ዊልያም አብረው ነገሡ። ከዚያ እህቷ አን። የአን ነገር ልብ ይሰብራል። 17 ጊዜ አርግዛ አንድም ልጅ ለአቅመ አዳም አልደረሰላትም። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘው ልጇ በ1700 በ11 ዓመቱ ሞተ። በእሷ ዘመን፣ በ1707፣ እንግሊዝና ስኮትላንድ አንድ መንግሥት ሆኑ። ከዚያ ወዲያ በትክክል ከተባለ «የእንግሊዝ ንጉሥ» የለም፤ የታላቋ ብሪታንያ ነው።

የአን ልጅ ሲሞት ፓርላማው ደነገጠ። በ1701 ካቶሊክ እንዳይነግሥ በሕግ ከለከለ። ከ50 በላይ የቅርብ ዘመዶች በሃይማኖታቸው ታለፉ። ዕጣው የወደቀው ጀርመን አገር ሃኖቨር በምትኖር ሶፊያ ላይ ነው፤ የጄምስ 1ኛ የልጅ ልጅ ናት። ሶፊያ ሁለት ወር ብትቆይ ንግሥት ትሆን ነበር። ጁን 1714 ሞተች፤ አን ኦገስት 1 ተከተለቻት። ዙፋኑ ለሶፊያ ልጅ ለጆርጅ ደረሰ።

ከ1714 እስከ 1830 አራት ጆርጆች ተከታትለው ነገሡ። ሃኖቨሪያን ከማለት ጆርጂያን ማለት የቀለለው ለዚህ ነው። እስከ 1837 የነገሠው ዊልያም 4ኛ ስሙ ጆርጅ ባይሆንም እዚያው ይጨመራል። በውስጡ ሪጀንሲ የሚባል ቁራጭ አለ፤ ከ1811 እስከ 1820። ጆርጅ 3ኛ አእምሮው ታሞ ልጁ እንደራሴ ሆኖ የገዛበት ነው።

አሁን ወደ ቪክቶሪያ ጥያቄሽ። ቪክቶሪያ ራሷ የሃኖቨር ቤት ናት፤ የጆርጅ 3ኛ የልጅ ልጅ። ከ1837 እስከ 1901 ነገሠች። የሃኖቨር አገር ሕግ ግን በወንድ በኩል ወራሽ እያለ ሴት አያነግሥም። ስለዚህ እዚያ አጎቷ ነገሠ፤ 123 ዓመት አብረው የኖሩት ሁለቱ ዘውዶች ተለያዩ። ልጆቿ ደግሞ በአባታቸው በአልበርት ቤት ሳክስ ኮበርግ ጎታ ተባሉ። አየሽ? ያው ሕግ ነው።

ይህ ዘመን ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ይህቺው ናት። መልስ አልመጣም። ንጉሡ ቆንስላውን አሰሩ፤ ነገሩ ተባብሶ በ1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ። በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። በቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው ዊንዘር ግንብ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ጋ ነው። ልጅሽ «ቪክቶሪያን» የሚለውን ቃል ሲያጠና ይህንንም አብሮ እንዲያውቅ እመኛለሁ። መምህሩ ላያነሳው ይችላል። አንቺ ንገሪው።

ከ1901 እስከ 1910 ልጇ ኤድዋርድ 7ኛ ነገሠ። ኤድዋርዲያን የሚባለው ይህ ነው፤ ብዙዎች እስከ 1914 ጦርነት ይስቡታል። በ1902 ለንግሥ በዓሉ አፄ ምኒልክን ወክለው ሎንዶን የሄዱት ራስ መኮንን ናቸው።

በ1917 አንድ አዲስ ነገር ሆነ። ከጀርመን ጋር ጦርነት ነው። ሎንዶንን የሚደበድቡት የጀርመን አውሮፕላኖች ጎታ ይባላሉ። የንጉሡም ቤት ጎታ ነው። ጆርጅ 5ኛ በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ስሙን አወለቀ፤ በግንቡ ስም ዊንዘር ብሎ ሰየመው። በዚህ ለውጥ ውስጥ ሴት የለችም።

ሴቷ የመጣችው ኋላ ነው። በ1952 ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ነገሠች። በድሮው ደንብ ልጆቿ በባሏ ስም ማውንትባተን ሊባሉ ነው። በዚያው ዓመት ግን ቤቱ ዊንዘር ሆኖ ይቀጥላል ብላ አወጀች። ስለዚህ በ2022 የነገሠው ቻርልስ 3ኛ የቤቱን ስም ያገኘው ከእናቱ ነው። ከማቲልዳ ጀምሮ የእናቱን ቤት ስም ይዞ ዙፋን የወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ለጥናቱ የምመክርሽ ይህን ነው። አርባውን ንጉሥ እንዲሸመድድ አታስጨንቂው። በሮቹን ይያዝ፦ 1066፣ 1154፣ 1485፣ 1603፣ 1714፣ 1837፣ 1901። በየበሩ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ሴቷ ማን ነበረች ብለሽ ጠይቂው።

ደግሞ ውጭ ይዘሽው ውጪ። ቀዩን የፖስታ ሣጥን ያውቀዋል አይደል? ፊቱ ላይ ፊደል አለ። ሣጥኑ ሲተከል የነበረው ንጉሥ ወይም ንግሥት ምልክት ነው። ቪ እና አር ካለ የቪክቶሪያ ነው፤ አር የላቲኑ ሬጂና ነው፣ ንግሥት ማለት። ኢ ሆኖ መሀሉ ላይ የሮማ ሰባት ካለበት ኤድዋርድ 7ኛ። ኢ ሆኖ የሮማ ሁለት ካለበት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ። ጂ እና አር ብቻ ካየ ግን እንዳይሸወድ። ጆርጂያን ነው ብሎ ይዘላል። አይደለም፤ ጆርጅ 5ኛ ነው፣ ከ1910 እስከ 1936። የብሪታንያ የመንገድ ፖስታ ሣጥን የተጀመረው በ1850ዎቹ ስለሆነ የአራቱን ጆርጆች ሣጥን የትም አያገኝም። ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ላይ ስንት ነገሥታት እንዳሉ ይቁጠር፤ ቁጥሩን ጻፊልኝ።